በሥርዓቱ መሠረት ያረፉት ሰብሳቢ

የሰው ልጅ እሳትን ካገኘና ጎማን ከሠራ ወዲህ የተወሰደው ትልቁ ርምጃ የተወሰደው በልደታ፣ አብነት አካባቢ፣ በአንድ ጠባብ ሞባይል መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ርምጃውን የወሰዱት የሠፈሩ ዕድር ሰብሳቢ አቶ ፈቃደ ወርቅአፈራሁ ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እስካሁን ያልመዘገቡት በሥራ መደራረብ ይመስላል።

አቶ ፈቃደ ከአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ጡረታ የወጡ፣ «ከዚህ አንጻር» ሳይሉ ውሃ እንኳ የማይጠይቁ ሰው ናቸው። ዕድሩን በመሩባቸው ዓመታት ሁሉ አርፎ ሳይቀበር የቀረ አንድም አባል የለም፤ ይህም በየዓመቱ በአመርቂ ክንውንነት ሪፖርት ይደረጋል። ሆኖም አንድ ነገር ያብከነክናቸው ነበር። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ያለው ዕድር ሞትን በስልክ ሲያውጅ፣ የእሳቸው ዕድር ግን ዛሬም በጋሽ ሰላሁን ጥሩምባ ይጠራል። ጋሽ ሰላሁን ንጋት ላይ በየቅያሱ እየዞሩ ይነፋሉ፤ የሟቹን ስም ከነአያቱ ይጠራሉ፤ ሰውም ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። ነገሩ ይሠራ ነበር። አቶ ፈቃደን ያስጨነቃቸውም ይኸው መሥራቱ ነው፤ የሚሠራ ነገር ለማሻሻል አይመችም።

«ከዚህ አንጻር» አሉት ሞባይል ጠጋኙን ዳዊን፣ «የሰው እጅ ሳይነካው በራሱ የሚሠራ ነገር ነው የምንፈልገው።»

«ቀላል ነው ፋዘር» አለ ዳዊ። «ሁለት አፕ እንጭናለን። አንዱ ፋይል ያመሳስላል። እርስዎ ስልክ ላይ ያለ ፎልደር ውስጥ የገባ ነገር የአባላቱም ስልክ ላይ ይገባል። ሁለተኛው ደግሞ ያንን አፕ ያዘዋል። ‹ይሄ ከሆነ ይሄን አድርግ› ይለዋል፣ በቃ። እርስዎ ሻይዎን ይጠጣሉ።»

«ለአፑ አለቃ ሾምንለት ማለት ነው።»

«እንደዛ ይበሉት።»

አቶ ፈቃደ ፊታቸው በራ። ከቴክኖሎጂው ሁሉ የወደዱት አዛዥና ታዛዥ ያለው መሆኑን ነው።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ዳዊ። «በአንድ አቅጣጫ ይሁን በሁለት? በአንድ ከሆነ ከእርስዎ ወደ እነሱ ብቻ ነው። በሁለት ከሆነ እነሱ ጋ ያለውም ወደ እርስዎ ይመጣል።»

«በሁለት! ዕድሩ የጋራ ነው። አንድ አቅጣጫ አምባገነንነት ነው።»

«እሺ። የተሰረዘ ነገርስ? አንድ ስልክ ላይ ቢጠፋ ሌሎቹም ላይ ይጥፋ ወይስ ከሌሎቹ ይመለስ?»

«ይመለስ! ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ነው። የሰው ፋይል ሲጠፋ የሚሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ባለሁበት ምንም ነገር አይጠፋም።»

«ፋዘር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ ግን ኋላ...»

«አንተ ልጅ፣ ጫን።»

ዳዊ ጫነ። የአባላቱም ስልክ በየተራ እየመጣ ተጫነለት፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለው በልጁ ስልክ ተመዘገበ። ከዚያ ትዕዛዞቹ ወጡ። «ለቅሶ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ፎቶ ሲገባ ፎቶው ለአባላት ሁሉ ይደርሳል፤ የደረሰው ስልክም ድምፁ ቢዘጋም ባይዘጋም ጥሩምባ ይነፋል። ለዚህ ሲባል የጋሽ ሰላሁን ጥሩምባ በድምፅ ተቀረጸ፤ ጋሽ ሰላሁንም የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸው በክብር ተሸኙ። ቀጥሎ ደግሞ የአባሉ ስልክ ለቅሶው ቤት መድረሱን አፑ ራሱ ይመዘግባል ተባለ። ያልደረሰ፣ ወይም በለቅሶ ሰዓት ስልኩን ያጠፋ አባል ከዕድሩ ይሰረዛል። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ሲሞት ማን ያነሳዋል? ስለዚህ ሁሉም ስልኩን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ጀመር።

የመጨረሻው ትዕዛዝ ግን የአቶ ፈቃደ የግል ፈጠራ ነው። ፎቶን በእጅ ወደ ፎልደር መክተት ለሰብሳቢ የሚመጥን ሥራ ሆኖ አላገኙትም። ስለዚህ ሰው በሠፈራቸው በምን እንደሚጠራ አጠኑ። አብነት ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ሙሉ ስም የለውም። «ኢዶሳ ቧንቧ» ነው፤ «ዳዊ ሞባይል» ነው፤ «የሴና እናት» ነው። በአቶ ፈቃደ ስልክ ላይ ሰዎቹ የተመዘገቡትም በዚሁ ነው። አንድ ሰው «አቶ» ተብሎ ከአባቱና ከአያቱ ጋር የሚጠራው ከዚህ ዓለም ድካም ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። ከዚህ አንጻር ትዕዛዙ ወጣ፤ ስልካቸው ላይ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ የሚጀምር፣ ስም ከነአያት የተጻፈበት ፎቶ ከተገኘ ባለቤቱ አርፏልና ማንም ሳይጠየቅ «ለቅሶ» ውስጥ ይግባ። ዳዊ ይህን ሲያስገባ ራሱን አከከ። አቶ ፈቃደ አድናቆት መሰላቸው።

ሥርዓቱ ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ አዛውንት አረፉ። ጥሩምባው በየኪሱ ተነፋ። ታክሲ ውስጥ የነበሩ አባላት በድንጋጤ «ወራጅ!» አሉ፤ አንዲት እናት ቤተክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳሉ ጉያቸው ውስጥ ተነፋባቸውና ካህኑ ሳይቀሩ ዞር አሉ። ክንውኑ ከዕቅድ በላይ ነበር። አቶ ፈቃደ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቆመው ስሜት ውስጥ ገቡ።

«ይህ ሥርዓት አይሳሳትም! አንድ ቀን ተሳሳተ ከተባለ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰብሳቢው ሰብሳቢ አይደለም! ይመዝገብ!»

ጸሐፊው አቶ ኢዶሳ መዘገቡ። አቶ ኢዶሳ የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ይመዝገብ የተባለን ነገር ሁሉ የሚመዘግቡ ሰው ናቸው። ጉባኤው አጨበጨበ። ዳዊም «ለግልጽነት ሲባል» በሚል የሰብሳቢው ትዕዛዝ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ሥርዓቱ የቆመ እንደሆነ «ሥርዓቱ ስለተሳሳተ ቆሟል» የሚል መልእክት ለአባላት ሁሉ በራሱ ይሄዳል። አቶ ፈቃደ ይህን ያስጨመሩት እንደማይሆን ስለሚያውቁ ነው።

የሰብሳቢነት ምርጫው ደረሰ። አቶ ፈቃደ ይህን ወንበር ይወዱታል፤ መደበቅም አያስፈልግም። ጡረታ የወጡ ሰሞን ስልካቸው ለሳምንታት ሳይጠራ መክረሙን አይረሱትም። ማንም የማይፈልጋቸው ሰው ሆነው ነበር። ሰብሳቢ ከሆኑ ወዲህ ግን ሠፈሩ ውስጥ ሰው በታመመ ቁጥር ይደወልላቸዋል። ያንን የድሮውን ዝምታ ከሞት አብልጠው ይፈሩታል።

ተወዳዳሪዎች ፎቶ እንዲያቀርቡ ስለተባለ፣ በምርጫው ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ልደታ ማርያም አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት ሄዱ። ፎቶ አንሺው «ፈገግ ይበሉ አባባ» ሲላቸው «ለምን?» አሉት። ፎቶው ስልካቸው ላይ ተላከላቸው። ቤታቸው ገብተው፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ስም ሊሰጡት ሲሉ አሰቡ። ሠፈሩ «ፈቃደ መዝገብ ቤት» ይላቸዋል፤ ይህ በምርጫ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ ስም አይደለም። መነጽራቸውን አስተካክለው በአመልካች ጣታቸው አንድ በአንድ ጻፉ፤ «አቶ ፈቃደ ወርቅአፈራሁ ገብረየስ»።

መጀመሪያ የነፋው የእሳቸው ስልክ ነው። ቀጥሎ ጓዳ ያለው የባለቤታቸው የወይዘሮ ወይንሀረግ ስልክ ነፋ። ከዚያ የጎረቤት፣ ከዚያ የቅያሱ፣ ከዚያ ማዶ።

«ነፍስ ይማር!» አሉ አቶ ፈቃደ ብድግ ብለው። «ወይንዬ፣ ማነው ያረፈው?»

ወይዘሮ ወይንሀረግ ስልካቸውን እያዩ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«አንተ።»

«ምን አልሽ?»

«አንተ ነህ ያረፍከው። ፎቶህ ግን አምሮብሃል።»

አቶ ፈቃደ ፎቶውን ፈጥነው ሰረዙና ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ፎቶው ግን በሁለት አቅጣጫ ነውና ከባለቤታቸው ስልክ ተመለሰ። አዲስ እንደገባ ተቆጠረ፤ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ውጭ «ደግሞ ማን ተከተላቸው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ደግመው ሰረዙ፤ ደግመው አረፉ። በዚያ ጠዋት አቶ ፈቃደ ለመዳን በሞከሩ ቁጥር ይሞቱ ነበር። በመጨረሻ ወደ ዳዊ ደወሉ።

«ሃሎ» አለ ዳዊ በሐዘን ድምፅ። «የጋሽ ፈቃደ ቤተሰብ ነዎት? እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«እኔ ነኝ! ፈቃደ ነኝ!»

«ፋዘር! እኔ እኮ ሱቅ ዘግቼ እየመጣሁ ነበር።»

«አትምጣ! ይልቅ ይሄን ፎቶ አጥፋልኝ።»

«እርስዎ ጋ ቢጠፋ ከሌሎቹ ይመለሳላ። ምንም ነገር አይጠፋም ያሉት እርስዎ ነዎት። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ካላጠፋ አይሆንም፤ በለቅሶ ሰዓት ስልክ ያጠፋ ደግሞ ይሰረዛል። ማን እሺ ይላል?»

«ታዲያ አለቃውን አቁመዋ!»

«እሱን አሁኑኑ ማቆም እችላለሁ። ግን ‹ሥርዓቱ ስለተሳሳተ ቆሟል› የሚለው መልእክት ለሁሉም ይሄዳል። ላቁመው?»

አቶ ፈቃደ ሒሳቡን ሠሩ። ምርጫው ነገ ነው። ቃለ ጉባኤው ኢዶሳ እጅ ነው።

«ተወው» አሉና ዘጉት።

ስልኩን ሳያስቀምጡ ድንኳኑ ደረሰ። አቶ ኢዶሳ ከፊት፣ ቋሚውንና አግዳሚ ወንበሮቹን የተሸከሙ ሰዎች ከኋላ ሆነው በር ላይ ቆመዋል። አቶ ኢዶሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጋሽ ፈቃደ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«ማንን?»

«ቤተሰቡን።»

«ኢዶሳ፣ እያየኸኝ እኮ ነው!»

«አያለሁ ጋሼ፤ ደህና ነዎት። ግን እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ በዓይኔ ባየሁት አልሠራም። ጥሩምባ ከተነፋ ድንኳን ይወጣል፤ እርስዎ ነዎት ያስወሰኑት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝና ሰዎቹን ይዤ ልመለስ። ሥርዓቱ ተሳስቷል?»

ተሸካሚዎቹ ቋሚውን እንደያዙ ጠበቁ። አቶ ፈቃደ ወደ ሰማይ ተመለከቱ፤ ወደ መሬት ተመለከቱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድንኳኑን ትንሽ ወደ ግራ ሳብ አድርጉት» አሉ። «የዙሃራን ሱቅ በር ይዘጋባታል።»

እኩለ ቀን ሳይሆን ድንኳኑ ሞላ። መጀመሪያ ላይ ሰው ትንሽ ተቸገረ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ የገባው አልቃሽ ሁሉ ወንድሙን ቆሞ ሲያየው ድምፁን ይውጥና ጥግ ይይዛል። ቢሆንም ስልኩ እየመዘገበ ነውና ተነስቶ የሚሄድ የለም። አቶ ፈቃደ ራሳቸው «ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» እያሉ ያስተናግዳሉ። ንፍሮው ሲደርስ፣ ካርታውም ሲጀመር ሕዝቡ ተረጋጋ። ጋሽ ሰላሁንም መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ጥሩምባዬ እንዴት ነበር?»

«ጥርት ያለ ነው።»

«እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ቤቱ ሄጄ አጣራ ነበር።»

«አዎ» አሉ አቶ ፈቃደ። «ጊዜ ያባክኑ ስለነበር እኮ ነው የተነሱት።»

ደግሞም ነገሩ እንደፈሩት መጥፎ አልሆነባቸውም። ከኋላቸው «እንደሳቸው ያለ ሰብሳቢ ከእንግዲህ አይገኝም» ሲባል ሰሙ። «ደግ ሰው ነበሩ» ሲባል ሰሙ። በሕይወታቸው እንዲህ ተብለው አያውቁም። ይህ ሕዝብ ነገ ድምፅ እንደሚሰጥ አሰቡና፣ መሞታቸው ለምርጫ ዘመቻው ጥሩ ጊዜ ላይ እንደደረሰ ተሰማቸው። ከተመረጡ በኋላ ሥርዓቱን ቀስ ብለው ያስተካክሉታል። ማንም ሳያውቅ ይነሳሉ።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ወይንሀረግ ወደ ጓዳ ጠሯቸው። ትከሻቸው ላይ ጥቁር ነጠላ ተንጠልጥሏል።

«ሴቶቹ ናቸው አምጥተው የጣሉብኝ» አሉ። «ፊቴን እያዩ ያለቅሳሉ። አጽናኝ በመጣ ቁጥር ምን ልበል? ፈቃደ፣ አንድ ቃል ተናገርና ይሄን ነገር አስቁመው። ወንበር ነው፤ ቢቀርስ?»

«ሰብሳቢነቱ ከቀረ እኔ ማን ነኝ?»

«ባሌ ነሃ።»

አቶ ፈቃደ ይህን መልስ ጥቂት አሰቡበት።

«እሱ እኮ በምርጫ የሚገኝ ኃላፊነት አይደለም» አሉ።

ወይዘሮ ወይንሀረግ በጣም ነው ያዘኑት። ስንት ዓመት አብረው ኖረው፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ ከአንድ የላስቲክ ወንበር አንሰው ተገኙ። ትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ነጠላ በደንብ ተከናነቡትና ሄደው ከሴቶቹ ጋር ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ያን ማታ ያለቀሱት የምራቸውን ነው።

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤው እዚያው ድንኳን ውስጥ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ሌላ አዳራሽ መፈለግ ብክነት ነው። አቶ ኢዶሳ ቃለ ጉባኤውን ይዘው ቆሙ።

«ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ጉዳይ ይጣራ። ትናንት የተነፋውን ጥሩምባ በተመለከተ ሥርዓቱ ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም? ተወዳዳሪው ማብራሪያ ይስጡበት።»

አቶ ፈቃደ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነው ያደሩት። ሱፋቸውን ቆልፈው ተነሱ።

«የተከበራችሁ አባላት! ሥርዓቱ ፈጽሞ አልተሳሳተም! ከዚህ አንጻር፣ ከመካከላችን የማይሞት ማን አለ? ሥርዓቱ የተናገረው የማይቀር እውነት ነው። መረጃው ቀደም ብሎ ደረሰ እንጂ ስህተት የለበትም! ሌሎች ዕድሮች ሞትን ከሆነ በኋላ ነው የሚሰሙት። እኛ ግን አስቀድመን ሰማን! ይህ ነው ዘመናዊነት!»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ፈቃደ ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡ። አቶ ኢዶሳ የተባለውን ጽፈው እስኪጨርሱ ጉባኤው ጠበቃቸው።

«እናመሰግናለን» አሉ ቀና ብለው። «ከሟቹ ማብራሪያ እንደተረዳነው ሥርዓቱ አልተሳሳተም። ካልተሳሳተ ሰብሳቢያችን አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ስለዚህ ወንበሩ ክፍት ነው፤ ጥቆማ እንቀበላለን።»

«ሥነ ሥርዓት!» አሉ አቶ ፈቃደ ከመቀመጫቸው ዘለው።

«ጋሼ፣ በደንባችን ሥነ ሥርዓት የሚጠይቀው በሕይወት ያለ አባል ነው።»

ከሴቶቹ በኩል የሴና እናት ተነሱ። ዓይናቸው እስካሁን ቀልቷል።

«እኚህ ሰው ለዚህ ዕድር ያልሆኑት ነገር የለም። እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለውናል። ውለታቸውን የምንከፍለው ባለቤታቸውን ስንመርጥ ነው። ወይዘሮ ወይንሀረግን ጠቁሜያለሁ።»

ድንኳኑ በተነሳ እጅ ሞላ። ወይዘሮ ወይንሀረግ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። አቶ ፈቃደ እጃቸውን አውጥተው ተቃውመው ነበር፤ አልተቆጠረላቸውም።

አዲሷ ሰብሳቢ ከፍራሹ ተነስተው፣ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳደረጉ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ተቀመጡ። ጉባኤው አፍ አፋቸውን ያያል። ወይዘሮ ወይንሀረግ በዚህ ሠፈር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ያህል ሰው ከአፋቸው የሚወጣውን ሲጠብቅ አይተው አያውቁም። ወንበሩ እንዳሰቡት አልጎረበጣቸውም።

አቶ ፈቃደ ተሸንፈው ቀረብ አሉ። የሚገርመው፣ የተሰማቸው እፎይታ ነው። ሥልጣኑ ከቤት አልወጣም።

«ወይንዬ» አሉ ጎንበስ ብለው፣ «እንግዲህ ባንቺ እጅ ነው። ዳዊን ጥሪውና ሥርዓቱን ያቁመው። ልነሳ። እንደ ድሮው እንኑር፤ ወንበሩ ገደል ይግባ።»

አቶ ኢዶሳ ከጎን ሆነው ቃለ ጉባኤውን ገለጥ አደረጉ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ሥርዓቱ ከቆመ ተሳስቷል ማለት ነው። ተሳስቷል ከተባለ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰብሳቢው ሰብሳቢ አይደለም። የተመዘገበው እንዲህ ነው።»

ወይዘሮ ወይንሀረግ ባላቸውን አዩ፤ ጉባኤውን አዩ። ከዚያም ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ጥያቄዎ ተገቢ ነው» አሏቸው። «ነገር ግን ሟች በራሱ ስም አያመለክትም። ባለቤትዎ መጥተው ያመልክቱ።»